የአሮጌ ጓንት ምስክርነት፦ እንጠግነው ወይስ አምሳያውን እንሥራ?

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ አንድ ስህተት ሠራሁ። ዛሬ የምነግራችሁ እንድታስተካክሉልኝ አይደለም፤ አይስተካከልም። እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ሰፈራችን ባለ ትንሽ የቦክስ ክለብ እሠለጥን ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ ከተጠቀለለ ምንጣፍ ሥር አንድ ጥንድ ቡናማ የቆዳ ጓንት ወጣ። በክር የሚታሰረው የድሮው ዓይነት ነው። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ የአንደኛው ስፌት ተተርትሮ ከውስጡ የፈረስ ፀጉር ብቅ ብሏል። እኔ ደግሞ የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፤ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። አሰልጣኛችንን ጋሼን አስፈቅጄ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ፀጉሩን በሙሉ አውጥቼ ጣልኩ። የቆሸሸውን ገበር በመቀስ ቆርጬ አነሳሁ። አዲስ ስፖንጅ ሞላሁበት፣ በማስቲሽ አጣበቅኩት፣ በናይለን ክር ሰፋሁት፣ በመጨረሻም የጫማ ቀለም ቀባሁት። አዲስ መሰለ! በኩራት ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ጓንቱን አገላብጠው አዩት፣ እጃቸውን አስገብተው አወጡና፣ «ጎበዝ፣ ልጄ። ጽሑፉስ?» አሉኝ።

«የቱ ጽሑፍ?»

«ገበሩ ላይ የነበረው። የለበሱት ልጆች ሁሉ ስማቸውን በእስክርቢቶ ይጽፉበት ነበር።»

ገበሩ ከሳምንት በፊት ከቆሻሻ ጋር ሄዷል።

ያን ቀን ያልገባኝ፣ አሁን ግን በደንብ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ የአሮጌ ጓንት ብልሽት ራሱ መረጃ ነው። ስንጥቁ፣ እድፉ፣ የተተረተረው ስፌት፣ ወደ ጎን የሸሸው ሙሌት ጓንቱ ያየውን ይናገራሉ። እኛ ደግሞ «ላድሰው» ብለን አፉን እንዘጋዋለን። ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠፍር እስከ ጓንት

በ1885 ሮም ከተማ ውስጥ፣ ኲሪናል በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ የተቀመጠ ቦክሰኛ የነሐስ ሐውልት ተቆፍሮ ወጣ። ፊቱ ቆሳስሏል፤ ቀራፂው ደሙን ለማሳየት ቀይ መዳብ አስገብቶበታል። እጆቹ ላይ የተጠመጠመው ደግሞ የቆዳ ጠፍር ነው። የጥንት ቦክሰኞች እጃቸው ላይ ምን ያደርጉ እንደነበር የምናውቀው ለረጅም ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ሐውልቶችና በግድግዳ ሥዕሎች ብቻ ነበር። ቆዳ መሬት ውስጥ ስለሚበሰብስ እውነተኛው ዕቃ አልተገኘም ነበር።

በ2017 ግን ነገሩ ተለወጠ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ከሐድሪያን ግንብ አጠገብ፣ ቪንዶላንዳ የሚባል የሮማውያን የጦር ሰፈር አለ። አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ሲቆፍሩ ሁለት የቆዳ ዕቃዎች አገኙ። ወደ 120 ዓ.ም. አካባቢ የተሠሩ የቦክስ ጓንቶች ናቸው። ለምን አልበሰበሱም? አፈሩ እርጥብና ኦክስጅን የሌለበት ስለነበር ነው። ኦክስጅን ከሌለ ቆዳ የሚበሉት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች መሥራት አይችሉም።

ጓንቶቹ የዛሬውን ጓንት አይመስሉም። የጣቶችን አንጓ ብቻ የሚሸፍኑ የታጠፉ የቆዳ ከረጢቶች ናቸው። ሁለቱ ጥንድም አይደሉም። ትልቁ ከውስጡ የተፈጥሮ ሙሌት አለው፤ አንድ ቦታ ተቀድዶ በክብ ቁራጭ ቆዳ ተጥፏል። ትንሹ ደግሞ ውስጡ ጠንካራ የተጠመዘዘ ቆዳ ነው። ከአንዱ ላይ የለባሹ የጣት አንጓዎች ቅርጽ እስካሁን ይታያል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኔ ያኔ በነበረኝ ስሜት እነዚህ ጓንቶች እጄ ቢገቡ ምን አደርግ ነበር? ቆዳውን በውኃ አርሼ ቀጥ አደርገዋለሁ፤ የአንጓዎቹ ቅርጽ ይጠፋል። ያረጀውን ሙሌት አውጥቼ አዲስ እሞላለሁ፤ ሮማውያን ምቱን በምን ያለዝቡት እንደነበር የሚነግረን ነገር ይጠፋል። ክቡን ጥፍ «አያምርም» ብዬ እተካዋለሁ፤ አንድ ሰው ጓንቱን ወድዶት፣ ሲቀደድበት አዲስ ከመፈለግ ይልቅ አስጠግኖ እንደለበሰው የሚያሳየው ምልክት ይጠፋል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ታሪክ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልቃል ማለት ነው።

ወደ ዘመናዊው ጓንት ስንመጣ፣ ጃክ ብሮተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1743 የመጀመሪያዎቹን የቦክስ ሕጎች አወጣ። ባለጸጋ ተማሪዎቹ ፊታቸው እንዳይጎዳም ለልምምድ የሚሆን ጓንት አስተዋወቀ። እውነተኛው ግጥሚያ ግን በባዶ እጅ ቀጠለ። በ1867 በማርኪስ ኦፍ ኲንስበሪ ስም የታተሙት ሕጎች ናቸው ጓንትን ግዴታ ያደረጉት። ከሕጎቹ አንዱ ጓንቱ ጥሩ ጥራት ያለውና አዲስ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ሌላው ደግሞ ጓንት ከፈነዳ ወይም ከወለቀ ዳኛው በሚስማማበት መንገድ እንዲተካ ያዛል። ከባድ ሚዛን ላይ የመጨረሻው ታላቅ የባዶ እጅ ግጥሚያ በ1889 በጆን ኤል ሱሊቫንና በጄክ ኪልሬን መካከል ተካሄደ፤ 75 ዙር ፈጀ! ከሦስት ዓመት በኋላ ሱሊቫን በኒው ኦርሊንስ ጓንት አድርጎ ከጄምስ ኮርቤት ጋር ገጠመ፤ በ21ኛው ዙር ተሸነፈ።

«አዲስ መሆን አለበት» የሚለው ሕግ ለቦክሰኞቹ መልካም ነው፤ ለታሪክ ግን ችግር አለው። ያገለገለ ጓንት ይጣላል። የሚቀመጠው የታዋቂ ሰው ከሆነ ብቻ ነው። የተራው ቦክሰኛ ጓንት እንደ እኔ ባለ «ጎበዝ» እጅ ያልቃል።

ጓንቱ ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው?

የምስክርነቱን ነገር ለመረዳት ትንሽ ፊዚክስ ያስፈልገናል። አትፍሩ፣ ቀላል ነው።

ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ስትይዙ እጃችሁን ወደ ኋላ ትስባላችሁ አይደል? ኳሱ የሚቆምበትን ርቀትና ጊዜ እያረዘማችሁ ነው። ርቀቱ ሲረዝም ኃይሉ ይቀንሳል። የጓንት ሙሌት የሚሠራው ይህንኑ ነው። እንበልና ሙሌቱ ሲመታ 2 ሴንቲሜትር ይጨመቃል። ያንኑ ጉልበት ይዞ የመጣ ቡጢ 1 ሴንቲሜትር ብቻ በሚጨመቅ ሙሌት ቢያርፍ አማካይ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ሙሌቱ ከነጭራሹ ከሌለ የቀረው አጥንት ከአጥንት ጋር ነው።

የድሮ ጓንቶች የሚሞሉት በፈረስ ፀጉር ነበር፤ ዛሬም በዚሁ የሚሠሩ አሉ። ፀጉሩ ተጠምዝዞና ተጠቅልሎ ሲሞላ እያንዳንዱ ዘለላ እንደ ትንሽ ስፕሪንግ ያገለግላል። ጭራ የያዘ ሰው አይታችሁ ከሆነ የፈረስ ፀጉር ምን ያህል ጠንካራና ተመላሽ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ችግሩ እነዚህ ስፕሪንጎች እርስ በእርስ አልተጣበቁም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲመታ ፀጉሩ ይታጠፋል፣ ይጠቀጠቃል፣ ወደ ዳር ይሸሻል። አንጓዎቹ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። በዚያ ላይ ላብ አለ። ላቡ ሲደርቅ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ቆዳውም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ የአሮጌ ጓንት ውስጥ እንደ ካርታ ነው። ፀጉሩ የት ሳሳ? የት ተከመረ? የቀኙ ይብሳል ወይስ የግራው? ይህን ካያችሁ ባለቤቱ በየትኛው እጁ ይበልጥ እንደሚመታና ቡጢው የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ። እኔ ያን ካርታ ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

አንድ አውንስ

አሁን ጉዳዩ የቁምነገር መሆኑን የሚያሳየውን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1983፣ ሰኔ 16 ቀን፣ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ቢሊ ኮሊንስ የተባለ ያልተሸነፈ ወጣት ከሉዊስ ሬስቶ ጋር ተጋጠመ። ሬስቶ በከባድ መቺነቱ የሚታወቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ምሽት ግን የኮሊንስ ፊት በአሥሩ ዙር ውስጥ አብጦ ዓይኖቹ ተደፈኑ። ሬስቶ በዳኞች ነጥብ አሸነፈ ተባለ።

ግጥሚያው ሲያልቅ የኮሊንስ አባት፣ አሰልጣኙም ነበር፣ የሬስቶን እጅ ሊጨብጥ ጓንቱን ያዘ። ሳስቶበታል። ወዲያው ጮኸ፤ ጓንቶቹ በባለሥልጣናቱ እጅ ተያዙ። ምርመራው ያገኘው ከእያንዳንዱ ጓንት ወደ አንድ አውንስ የሚጠጋ ሙሌት ወጥቶ እንደነበር ነው።

አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ጓንቱ በሙሉ 8 አውንስ ማለትም 227 ግራም ገደማ ነበር፤ ይህ ክብደት ደግሞ ቆዳውን፣ ገበሩንና ማሰሪያውን ይጨምራል። ስለዚህ ከሙሌቱ ብቻ ሲታሰብ የወጣው ድርሻ ከአንድ ስምንተኛ ይበልጣል። ከላይ ያየነውን የርቀት ስሌት አስታውሱ።

ኮሊንስ ዓይኑ በቋሚነት ተጎዳ፤ ዳግም ወደ ሪንግ አልተመለሰም። ዓመት ሳይሞላው፣ በ1984፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሬስቶና አሰልጣኙ ፓናማ ሉዊስ በ1986 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ታሰሩ።

ልብ በሉ፤ ጓንቱ መናገር የቻለው በነበረበት ሁኔታ ስለተያዘ ነው። ያን ማታ አንድ ሰው «የተተረተረውን ልስፋው፣ የሳሳውን ልሙላው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የአባት ቃል በአሰልጣኝ ቃል ላይ ሆኖ ይቀር ነበር። ሬስቶ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እጁ ላይ የተጠመጠመው ፋሻም ጄሶ የነካ እንደነበር ተናገረ። ፋሻው ግን በጊዜው ማስረጃ ሆኖ አልቀረበም። ስለ ጓንቱ ያለን ማስረጃ ራሱ ጓንቱ ነው፤ ስለ ፋሻው ያለን አፍ ብቻ ነው።

አነስ ያለ ምሳሌም አለ። በ1963 ለንደን ዌምብሌይ ላይ ሄንሪ ኩፐር በኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለውን ካሲየስ ክሌይን በአራተኛው ዙር መጨረሻ ጣለው። የክሌይ ጓንት ላይ ግን ትንሽ ቀዳዳ ነበር። አሰልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ ቀዳዳውን ለዳኛው አሳየ፤ ሰፋ እንዲል እንዳገዘውም በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ወሬው አደገ፤ ክሌይ ለማረፍ ደቂቃዎች አገኘ ተባለ። ፊልሙ ሲለካ ግን ጭማሪው የጥቂት ሰከንዶች ነው። ወሬ ያድጋል፤ ፊልም፣ ቆዳና ስፌት ግን ባሉበት ይቆያሉ፣ ካልነካናቸው።

ዋናውን ትታችሁ አምሳያውን ሥሩ

«እና አሮጌ ጓንት ይበስብስ ነው የምትለን?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። መጠበቅና ማደስ የተለያዩ ናቸው።

መጠበቅ ማለት ጉዳቱ እንዳይቀጥል ማድረግ ነው። የፈረስ ፀጉር ኬራቲን ስለሆነ ብል ይወደዋል፤ ሙዚየሞች ነፍሳትን ለመግደል ዕቃውን በፕላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያ ባነሰ ቅዝቃዜ ለቀናት ያቆዩታል። ከዚያ ከብርሃንና ከአቧራ ርቆ፣ እርጥበቱ በማይዋዥቅ ቦታ፣ ቅርጹን በሚይዝ አሲድ በሌለው ወረቀት ተደግፎ ይቀመጣል። የጫማ ቀለም የለም። ዘይትም የለም። ድሮ ሙዚየሞች ራሳቸው አሮጌ ቆዳን ዘይት ይቀቡ ነበር፤ አሁን ግን አይመክሩትም። ዘይቱ ከጊዜ በኋላ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፣ አቧራም ይሰበስብበታል።

እጃችሁን ለሚበላችሁ ደግሞ መልካም ዜና አለ፦ አምሳያ ሥሩ። ዋናውን ሳትፈቱ ትመዝኑታላችሁ፣ በካሊፐር ትለኩታላችሁ፣ በአንድ ሴንቲሜትር ስንት ስፌት እንዳለው ትቆጥራላችሁ፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ ታነሳላችሁ። የሚቻል ከሆነ ኤክስሬይ ውስጡን ያሳያል። ከዚያ የመዳፉን፣ የጀርባውን፣ የአውራ ጣቱንና የእጅጌውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ታወጣላችሁ። ውፍረቱ የሚቀራረብ ቆዳ ትቆርጣላችሁ። በሰም የታሸ ክርና ወስፌ ትይዛላችሁ። ጓንት የሚሰፋው ተገልብጦ ነው፤ ከዚያ እንደ ካልሲ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ወፍራም ቆዳ ስትገለብጡ የድሮ ጓንት ሰፊዎች ምን ዓይነት ጣት እንደነበራቸው ይገባችኋል። ይህን ደግሞ ጓንቱን በማየት ብቻ አታገኙትም።

አምሳያው ሌላም ጥቅም አለው፤ መምታት፣ መቅደድ፣ ማበላሸት ትችላላችሁ። በ1919 ጃክ ዴምፕሲ ኦሃዮ ውስጥ ግዙፉን ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ጣለው። የዴምፕሲ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ጃክ ከርንስ በፋሻው ላይ ጄሶ እንዳደረገ የሚናገርበት ጽሑፍ ከሞተ በኋላ በ1964 ታተመ። ዴምፕሲ ውሸት ነው ብሎ ከሰሰ። ፋሻው በእጅ የለም፤ ምን ይደረግ? ጄሶውን በሌላ ቦክሰኛ እጅ ላይ ሞከሩት። ጄሶው ተሰነጣጥቆ ተፈረፈረ።

ሙከራው ዴምፕሲ ምን እንዳደረገ አያረጋግጥም። ከርንስ ያለው መንገድ ምን ያህል አጠራጣሪ እንደሆነ ግን ያሳያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሐኪም ቤት ስብራት የሚታሰርበት ጄሶም እኮ ጄሶና ፋሻ ነው፤ እሱ አይፈረፈርም። ልዩነቱን የሚያመጣው ምን ያህል ጄሶ፣ ምን ያህል ውኃ፣ ስንት ንብርብር ፋሻ፣ እጁ ሳይንቀሳቀስ ለስንት ጊዜ የሚለው ነው። አምሳያ የሚመልሰው በትክክል የጠየቃችሁትን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን ከቀየራችሁ መልሱም ይቀየራል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ትክክል ነው፤ ግን ጓንት ላይ እውነት እያደር የሚጠራው ጓንቱን ሳይነካ የጠበቀ ሰው ሲኖር ነው።

እኔ የሠራሁት ጓንት አሁንም ክለቡ ውስጥ አለ። የሰፋሁት ናይለን ክር ቆዳውን እየቆረጠው ነው፤ ክሩ ከቆዳው ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ የሚሸነፈው ቆዳው ነው። ያን ማወቅ ነበረብኝ፤ ኢንጂነር ልሆን ነበር። ባለፈው ሄጄ ጋሼን የሚያስታውሷቸውን ስሞች እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። አራት ስሞች ነገሩኝ። ገበሩ ላይ ከነዚህ በላይ እንደነበሩ እርግጠኛ ናቸው፤ ስንት እንደነበሩ ግን አያስታውሱም። አራቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ከጓንቱ ጋር አስቀመጥኩ። ጓንቱ ውስጥ አልለጠፍኩትም።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ጓንት፣ ኳስ፣ ሬዲዮ ወይም ጫማ ካለ፣ ቀለምና መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ መዝኑት፣ ውስጡን አንብቡ። ከዚያ ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ፈልጉና ጠይቁ። መስፋት ካማራችሁ ደግሞ አዲስ ቆዳ ግዙ።